ማድ ቤቱን ለየሻረግ

ጥቅምት 9፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ዶሮዎቹን ፈታሁ። ጥሬ በተንኩላቸው። ደጁን ጠረግሁ። ሁሉም እንደ ወትሮው። የማንን ደጅ እንደጠረግሁ ግን አላውቅም።

አንተ ደብተር፣ የ5ኛ «ለ» ስም መጥሪያ ልትሆን ተሠርተህ፣ ጡረታ ስወጣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ባዶህን ይዤህ መጣሁ። እስከ ዛሬ የነገርኩህ የዝናብና የዶሮ ወሬ ነው። አሁን ጉድ ስማ።

ትናንት ፈንታሁን መጣ። የባሌ የታደሰ ታላቅ ወንድም። አራት ሽማግሌና የንስሐ አባታችንን ቄስ ሞገሴን አስከትሎ። ስለ ተዝካሩ ሊመክሩ መሰለኝ። ታደሰ የሞተው ጥር 22፤ አርባው ዐቢይ ጾም ላይ ስለዋለ ድግሱ ለሙት ዓመቱ ተላልፏል። ወንበር ደረደርኩ። ጠላ ቀዳሁ። ቄሱ ከመጽሐፋቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ኑዛዜ!

ቤቱ ለፈንታሁን። ወፍጮው ለፈንታሁን። ባህር ዛፉ ለፈንታሁን። እኔስ? «ባለቤቴ የሻረግ፣ ሕይወቷ እስኪያልፍ ወይም ሌላ ባል እስክታገባ ድረስ፣ ከጓሮ ባለው ማድ ቤት ትቀመጥ።» ማሳረጊያው ግዝት፦ ይህን ቃል ያፈረሰ ከሥጋ ወደሙ ይለይ።

ማድ ቤት! ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር ኖሬ ከጭስና ከዶሮ ጋር! «ሌላ ባል እስክታገባ» ደግሞ። በዚህ ጉልበቴ ባል ፍለጋ ልዞር ኖሯል።

ተነሣሁ። ያልኩትን አስታውሳለሁ፣ ሰፈሩም ያስታውሳል። ተዝካሩን የወረሰው ያውጣ አልኩ። እኔ ለታደሰ ነፍስ አንድ ጣሳ ጠላ አልጠምቅም፣ «ነፍስ ይማር» የሚል ቃልም ከአፌ አይወጣም አልኩ። ሽማግሌዎቹ አማተቡ። ፈንታሁን ከንፈሩን መጠጠ። አዝኖ እንዳይመስልህ። ሲደሰት ነው እንዲያ የሚያደርገው፣ ያችን ከንፈር አውቃታለሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ፣ ወረቀቱ መኖሩን ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ዝም አለ። በጡረታዬ ጣሪያውን እስካሳድስ ጠበቀ። ቆርቆሮው ሲያብለጨልጭ ኑዛዜው ትዝ አለው። የታባቱ!

ጥቅምት 10፣ ከሰዓት

የኑዛዜው ቀን ያለፈው ታኅሣሥ 12 ነው። ወደ ኋላ ገለጥኩህ። በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፦ «ታዴ ትንሽ ሻል ብሎታል። የሚካኤል ጠበል ልቀዳለት ሄድኩ። ስመለስ ወንድሙ፣ ቄሱና ሌሎች ሰዎች ሊጠይቁት መጥተው አገኘሁ። ምስር ወጥ ነበረኝ፣ ምሳ አበላኋቸው። እግዜር ይስጣቸው።»

እግዜር ይስጣቸው! ጠበል ልቀዳለት ስሄድ ጠብቀው ነው። እጃቸውን ያስታጠብኩት እኔ ነኝ። አሁን ትዝ አለኝ፣ የሁለቱ እንግዶች አውራ ጣት ሰማያዊ ቀለም ነበረበት። ምን ነካችሁ እንኳ አላልኩም። ሳሙና አምጥቼ አስለቀቅኩላቸው። እኔን ከቤቴ ያስወጡበትን ቀለም!

ከዛሬ ጀምሮ ታዴ የሚባል የለም። ሟች ነው። ፈንታሁንም ፈ. ነው። ለሙሉ ስሙ ቀለም አላባክንም።

ጥቅምት 15

ስለ በቀል ሳስብ ዋልኩ። ሌላ ሥራ አልሠራሁም። ሽሮው አረረ።

ቆርቆሮውን አንድ በአንድ ነቅዬ በጋሪ አስጭኜ ብሄድስ? መስኮቱን፣ በሩን፣ መዝጊያውን። ፈ. ግድግዳ ይውረስ። ወይ ቤቱን በቁልፍ ዘግቼ ቁልፉን ጉድጓድ ብጨምረውስ? ወይ የሟችን መቃብር ላይ ሄጄ አንድ ጊዜ ደህና አድርጌ ብሰድበውስ? ይህን ሦስተኛውን ዛሬ ላደርገው ተነሥቼ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተመለስኩ። ደብተራው ሰላም ሲለኝ አፈርኩ።

ጥቅምት 21

የማርያም ማኅበር። ተራው የጎረቤቴ ነበር። ገና ስገባ ወሬው ተቋረጠ። ከዚያ ምክሩ ወረደ። የሙት ቃል አይሻርም። ግዝት ያለበት ነገር ያስፈራል። ቻይው፣ አምላክ ይፍረድ።

የፈ. ሚስት ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለመሆኑ ልጅ የለሽ፣ ቤቱን ለማን ብለሽ ነው አለችኝ። መካን ቤት ምን ይሠራላታል ማለቷ ነው፣ በለሰለሰ አፍ። ዳቦው በአፌ እንዳለ ቀረ። ሁሉም እኔን ያያሉ።

መልሷ ይደርሳታል።

ጥቅምት 24፣ ፍ/ሰላም ደርሼ መጣሁ

እዚህ ቡሬ ያለ ማመልከቻ ጻፊ ሁሉ ከፈ. ጋር ጠጅ ይጠጣል። ስለዚህ ፍኖተ ሰላም። ማንኩሳ ላይ ፍተሻ፣ ወረድን፣ ቆምን፣ ተሳፈርን። ከመናኸሪያው በባጃጅ ወደ ጠበቃ እንዳላማው።

እንዳላማው የኔ ተማሪ ነበር። 5ኛ ክፍል ክፍልፋይ አልገባ ብሎት ደግሟል። ግማሽና ሩብ ለመለየት ስንት ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁሜዋለሁ። ዛሬ ከረቫት አለው። እትዬ ብሎ ብድግ አለ፣ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

ቄሱ የተዉልኝን የኑዛዜ ቅጂ ሦስት ጊዜ አነበበ። አራት ምስክር አለው፣ ፊርማ አለው፣ ቀን አለው፣ በፊታቸው ተነቧል ይላል። ለማፍረስ ይከብዳል አለኝ። ወሽመጤ ቁርጥ አለ።

ከዚያ ፈገግ አለ። ማፍረስ ምን ያስፈልገናል አለ። ሰው የሚናዘዘው በራሱ ገንዘብ ነው። በትዳር ውስጥ ያፈራችሁት የሁለታችሁ ነው፣ ግማሹ ድሮም የእርስዎ ነበር። ኑዛዜው የሟችን ግማሽ ይዞ ይሂድ፣ የእርስዎን ሊነካ አይችልም። የሟች የግሉ ነበር የሚል ካለ ራሱ ያስረዳ። እትዬ፣ እርስዎ ወራሽ አይደሉም፣ ባለሀብት ነዎት አለኝ።

ድገመው አልኩት። ደገመው። በስተርጅና ግማሽ ገባህ አልኩት። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። ሟች ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነው።

ክሱን ጻፈልኝ፣ ፈረምኩ። ስወጣ ግን ጠየቅሁት። ግማሹን ማግኘት ጥሩ ነው፣ ፈ. በሰው ፊት አንገቱን ሲደፋ ማየትስ በየትኛው አንቀጽ ነው? እሱ በሕግ የለም አለኝ። የለም? እናያለን።

ኅዳር 3

መጥሪያው ደረሰው! ገበያ መሃል፣ በርበሬ ሲያስጭን፣ ሰው ሁሉ እያየ። እሰይ! እልል ልል ነበር፣ የሐዘን ልብሴን አይቼ ተውኩት።

ከሰዓት በሬ ላይ መጥቶ ጮኸ። ወንድሜን በመቃብሩ ልትከሽው ነው፣ የሙት አጥንት ልትወጊ ነው። ሳልከፍትለት ከውስጥ ጠየቅሁት፦ ለተዝካሩ ስንት በሬ ልትጥልለት አስበሃል? ጫማው መሬቱን ሲፍቅ ሰማሁ። እንግዲያው ሂድ አልኩት። ሄደ። እንዲህ ለወንድሙ የሚቃጠል ሰው ስለ አንድ በሬ ሲጠየቅ ምላሱ ተያዘ።

ኅዳር 13

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ፣ ያው አራቱ። የፈ. አሳብ፦ ክሱን ልተው፣ ቤቱ የእሱ ነው ብዬ ልፈርም፣ እሱ ደግሞ እስክሞት በትልቁ ቤት ያስቀምጠኛል። ትልቅ ውለታ ነው አሉኝ።

አለቀስኩ። አዎ፣ ፊታቸው። ደክሞኛል፣ ጉልበቴ ያመኛል፣ ብቻዬን ነኝ። ለአንድ አፍታ እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ዓይኔ ወደ ጣሪያው ሄደ። በራሴ ቆርቆሮ ሥር በሰው ቸርነት ልኖር? እንባዬን ጠረግሁና ጠላችሁን ጠጡ፣ በደህና ሂዱ አልኳቸው። ጠጡ። ሄዱ።

ኅዳር 24፣ ከፍ/ቤት መልስ

ፈ. ቤቱ ከጋብቻ በፊት በአባታችን ገንዘብ የተሠራ ነው አለ። ሲዋሽ ጢሙን ያሻል። ምስክር ብሎ የጠራው አያ ቢያድግን ነው፣ ቤቱን የሠራውን አናጢ። ሽማግሌ፣ ዓይኑ የፈዘዘ፣ የፈ. የክርስትና ዘመድ። ተስፋ ቆረጥኩ።

ማለ። ዳኛዋ ጠየቁት። ማን አሠራህ? ታደሰና ሚስቱ፣ ተጋብተው ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር። እሷ ምን ሠራች? ጭቃ ረገጠች። ጭዱን ከጭቃው እያዋሐደች ጠዋት ማታ ስትረግጥ፣ ተዪው፣ ሰው ይቀጠር ብያት ነበር፣ ሆዷ ገፍቶ ነበርና። ሰባት ወሯ ነበር። ጣሪያው ሳይመታ ወረዳት። ሌላ የማውቀው የለም አለ።

የፈ. ሚስት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ለማን ብለሽ ነው ላለችኝ መልሱ ይኸው።

አንተ ደብተር፣ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ያን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ላንተም። ሕፃኗ የተቀበረችበትን የሚያውቅ ሟች ብቻ ነው። ክርስትና ስላልተነሣች ቤተ ክርስቲያን አልወሰዳትም። ሴት ነበረች። ከጓሮ፣ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጎን በእጁ ቆፍሮ ቀበራት። ይህን እያወቀ ነው ቦታውን ለወንድሙ የሰጠ! እኔን እዚያው አጠገቧ እንደ ገረድ ሊያስቀምጠኝ! ሟች፣ ስማኝ፣ በሰማይም ብትሆን አለቅህም።

ታኅሣሥ 4

ቄስ ሞገሴ መጡ። የንስሐ አባቴን በር ላይ አቆምኳቸው። መስቀል ሊያሳልሙኝ አወጡ፣ አልተሳለምኩም። በዕድሜዬ ይህን አድርጌ አላውቅም።

ልንገርሽ ብለው ነገሩኝ። ያን ቀን ኑዛዜውን እየጻፉ ሳለ ሟች ቀና ብሎ የሻረግስ ብሎ ጠየቀ። ፈ. ማድ ቤቱ ይበቃታል አለ። ሟችስ ምን አለ? ዝም አለ። ዝም ሲል ጻፍኩት፣ እኔም ዝም አልኩ አሉኝ። ዕንባቸው ወረደ።

ዝም አለ! በቃ! ይህን ያህል ነበርኩ! ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቱን እያጠብኩ፣ ገላውን እያገላበጥኩ ባስታመምኩት፣ ለወንድሙ አንድ «አይሆንም» አጣ።

ቄሱን ግን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። ግዝቱ ይይዘኛል? አይይዝሽም አሉ፤ ሰው በራሱ ባልሆነ ገንዘብ ላይ ቢገዝት አይጸናም። እንግዲያው እዚህ ለኔ ሳይሆን እዚያ ሽማግሌዎቹ ፊት ይናገሩ፣ ያኔ መስቀልዎን እስማለሁ አልኳቸው። አጎንብሰው ሄዱ።

ታኅሣሥ 13

ተፈረደ! ሀብቱ የጋራ ነው። ግማሹ የከሳሽ የወ/ሮ የሻረግ ነው። ኑዛዜው በሟች ድርሻ ብቻ ይጸናል። እንዳላማው በደስታ ከወንበሩ ሊነሣ ነበር።

ግን አለበት ነገር። ሁለታችን በሽማግሌ ተስማምተን አከፋፈሉን እንድናመጣ ታዘዘ፣ ካልተስማማን ሁሉም ተሽጦ ገንዘቡን እንካፈላለን። ቢሸጥ ቤቱ የማላውቀው ነጋዴ እጅ ይገባል፣ ጓሮውም። ከፈ. ጋር መስማማት አለብኝ። ከፈ. ጋር! ጥርሴን ነክሼ እሺ አልኩ።

ታኅሣሥ 22፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ደጄ ላይ ተሰበሰብን። አራቱ ሽማግሌዎች፣ ቄስ ሞገሴ፣ ፈ. ከነሚስቱ፣ አጥር ላይ ግማሽ ሰፈር። መጀመሪያ ቄሱ ተነሡ። ግዝቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በየሻረግ ድርሻ ላይ አይጸናም፣ ያንጊዜ ዝም ያልኩት በድዬ ነው አሉ። በሰው ፊት። ሄጄ መስቀላቸውን ሳምኩ።

ሽማግሌዎቹ በዕጣ ይሁን አሉ። ፈ. አሻፈረኝ አለ። የአባት ሀብት በአገራችን እንዴት ነው የሚካፈለው? ታላቅ ያካፍላል፣ ታናሽ ይመርጣል። ታላቅ እኔ ነኝ፣ እኔ አካፍላለሁ፣ እሷ ትምረጥ አለ ደረቱን ነፍቶ። ደንቡ ነው፣ እሺ ተባለ።

ሁለት ቦታ አደረገው። አንደኛው ወፍጮውና ባህር ዛፉ፣ ምንም ዕዳ የለበትም። ሁለተኛው ቤቱ ከነጓሮው፣ ግን ቤቱን የወሰደ የታደሰን ተዝካር ያወጣል። የደብሩን ካህናት፣ ዕድሩን፣ ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ፣ እንደ ደንቡ። ሙት የሚዘከረው ከቤቱ ነው አለ። ሽማግሌዎቹ ጥሩ ተናገርክ አሉት።

ወዲያው ገባኝ። ያን ቀን የጮህኩትን ይዞ ነው። የሻረግ ብትሞት ቃሏን አታጥፍም፣ እልኸኛ ናት፣ ወፍጮውን ይዛ ትሄዳለች፣ ቤቱ ለኔ ይቀራል ብሎ ነው። ከንፈሩን መጠጠ። ያችን ከንፈር!

ምን ልበልህ፣ ልክ ነበር። አፌ «ወፍጮውን» ሊል ተዘጋጅቶ ነበር። ሰፈሩ የሰማው ቃሌ ነው። ለሟች ልደግስ? ዝም ላለኝ? አንገቴን አዞርኩ፣ በቤቱ ጎን ጓሮው ይታያል፣ የማድ ቤቱ ግድግዳም። እዚያ ሥር ያለችው የማን ትሁን? የፈ.?

ቤቱን አልኩ።

ፈ. ምን አልሽ አለ። ቤቱን፣ ከነተዝካሩ። ተዝካር አላወጣም ብለሽ አልነበረም? ብዬ ነበር፣ ቃሌን በላሁት፣ ደግሞ ጣፈጠኝ አልኩት። አጥር ላይ ያለው ሕዝብ በሳቅ ፈረሰ። ፈ. እንደገና ይታይ፣ በዕጣ ይሁን ማለት ጀመረ። ትልቁ ሽማግሌ ከዘራቸውን መሬት መቱ። አካፋይ አንተ፣ መራጭ እሷ፣ አበቃ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

አንገቱን ደፍቶ አውራ ጣቱን ቀለም ላይ ጫነ፣ ውሉ ላይ አተመ። እንዳላማው ይህን አላየም፣ ነገ ደውዬ እነግረዋለሁ። እኔ ገብቼ ውሃና ሳሙና አመጣሁ። እንደ ባለቤት። አጎንብሼ እጁን አስታጠብኩት፣ ቀለሙ እስኪለቅ፣ ቀስ ብዬ። ቀና ብሎ አላየኝም።

ታኅሣሥ 23፣ ጠዋት

ተዝካሩን አወጣለሁ። ወስኛለሁ። ቡሬ እንዲህ ያለ ተዝካር አይታ አታውቅም።

ብቅሉን በፈ. ወፍጮ አስፈጫለሁ። እንደ ማንኛዋም ገበያተኛ ተሰልፌ፣ ከፍዬ፣ መርቄ እወጣለሁ። ዳሱ ከደጄ እስከ አስፋልቱ። ፈ. ከካህናቱ ቀጥሎ ይቀመጣል፣ የሟች ታላቅ አይደል? ክብሩን አላጓድልበትም። በእጄ አጎርሰዋለሁ። ሚስቱንም። በቤቴ፣ በቆርቆሮዬ ሥር፣ ከፍ ባለ ድምፅ ነፍስ ይማር እያለ ይበላል። ጉሮሮው እንዳይደርቅ አጠገቡ ቆሜ እቀዳለታለሁ።

ስም መጥሪያ መሆንህ ዛሬ ጠቀመኝ። ወንበር ይዤ ማድ ቤት ገባሁ፣ ተጠሪዎቹን በየመስመርህ ጻፍኩ። ቄስ ሞገሴ። አያ ቢያድግ። እንዳላማው ከነከረቫቱ። ፈንታሁን፣ እንግዳ በሙሉ ስሙ ይጠራል። የማርያም ማኅበር ሴቶች በሙሉ። ስጨርስ እጄ ሳላዘው «ታዴ» ብሎ ጻፈ። ሟች አላለም። አየሁት፣ አየሁት። ከፊቱ ባለው ሳጥን «ቀሪ» ብዬ ሞላሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የዚያን ቀን ካህናቱ ስሙን ሲጠሩ ሰው ሁሉ የኔን አፍ ነው የሚያየው። ማለት አለብኝ፣ የቤቱ ዋጋ ነው። እስቲ ማንም በሌለበት ልለማመደው፣ እዚህ፣ እሷ አጠገብ። ታዴ፣ ዝም ያልከኝ፣ ነፍስህን ይ

አይ። ዛሬ አልወጣም አለኝ። እስከ ጥር 22 ጊዜ አለ። ገብሱን ልዘፍዝፍ።